ጉጉትን ከመኪና መስኮት ፎቶ ማንሳት እንዴት ይሠራል?

የዱር ጉጉት ፎቶ ለማንሳት ከሚያስፈልገው ዕቃ ግማሹ ጅቡቲ ከተማ፣ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ይሸጣል፤ የሚሸጠው ግን ካሜራ ቤት አይደለም። ሁለት ኪሎ ሩዝ፣ አንድ አሮጌ የጂንስ ሱሪ፣ አንድ ሰፊ ሽርጥና ጥቂት ፌስታል ይበቃል። የቀረው ካሜራውና መኪናው ነው። መኪናው ደግሞ እስከ ዛፉ የሚያደርስ ማጓጓዣ ብቻ እንዳይመስልዎ። ዛፉ ጋ ከተደረሰም በኋላ አይወረድበትም፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ከመስኮቱ ነው። ወርዶ ወደ ዛፉ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመለሰው የባዶ ቀዳዳ ፎቶ ነው።

የምንፈልጋት ጉጉት ገበያው ውስጥ አትኖርም። እዚያ፣ በሐሙዲ መስጊድና በማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ዙሪያ፣ ሰማዩን የያዘው የህንድ ቁራ ነው፤ መርከብ ተሳፍሮ የመጣ፣ አንገቱ ግራጫ፣ ዓይነ ደረቅ ወፍ። ጉጉቷ ያለችው ከጅቡቲ ወደብ የተነሳ የኮንቴይነር መኪና ወደ አዲስ አበባ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ያ መንገድ በጋላፊ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ሚሌን አልፎ፣ የአዋሽን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ፓርኩ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። በአንድ በኩል የፈንታሌ ተራራ ቆሞበታል፣ በሌላ በኩል የአዋሽ ፏፏቴ ይወርድበታል፤ በመካከሉ ሣርና ግራር። ከ400 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበበት ቦታ ሲሆን፣ በግራሮቹ ቀዳዳ ከሚገቡት አንዷ ሳይንስ ግላውሲዲየም ፔርላተም የሚላት ባለ ነጠብጣቧ ትንሽ ጉጉት ናት።

ትንሽ ስል በጣም ትንሽ ማለቴ ነው። ከራስ እስከ ጅራት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿ ቀን ተደብቃ ሌሊት ብቻ የምትወጣ አይደለችም፤ በጠራራ ፀሐይም ቅርንጫፍ ላይ ትታያለች፣ አንበጣና እንሽላሊት፣ አይጥና ትንንሽ ወፍ ታድናለች። ለፎቶ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። ጭንቅላቷ ኋላ ላይ ደግሞ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ዓይን ናቸው። ከጀርባ ሊያጠቋት የሚመጡ ወፎች እየተመለከተቻቸው ይመስላቸዋል ተብሎ ይታመናል። ፎቶ አንሺም ይሸወዳል፤ ፊቷን አገኘሁ ብሎ ሃምሳ ጊዜ ማጅራቷን የሚያነሳ አለ።

ቀዳዳውን የምትቦረቡረው እርሷ አይደለችም። ግንደ ቆርቁር፣ ወይም ምንቃረ ወፍራሟ ባርቤት የምትባለው ወፍ፣ ጫጩቶቿን አሳድጋ የተወችውን ነው የምትወርሰው። ግንደ ቆርቁር ደግሞ ማንኛውንም ዛፍ አይቦረቡርም፤ ልቡ መበስበስ የጀመረ ወፍራም ግንድ ይመርጣል። ግራር እዚያ ዕድሜ ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። በዚያ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የቀዳዳው ቁጥር ለምን እንደሚቀንስ አይጠይቅም። አፋር ውስጥ ሕዝቡ የወያኔ ዛፍ የሚለው ፕሮሶፒስ ከውጭ መጥቶ መሬቱን እየሸፈነ ነው፤ ጫካ ይመስላል፣ ነገር ግን ቀጫጭን ግንዱ ለጉጉት ቤት አይሆንም። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከወፏ ሳይሆን ከሽማግሌው ግራር ነው። ከግንዱ ሥር ነጭ ኩስ ካለ፣ ወይም ትንንሽ ወፎች አንድ ቅርንጫፍ ከብበው ያለማቋረጥ ከተንጫጩ፣ መካከል ላይ ጉጉት መኖሯ አይቀርም። ትንንሾቹ ወፎች ጠላታቸውን ከብበው የሚጮኹት እንድትሄድላቸው ነው፤ ለእርስዎ ግን ጥቆማ ሆነ።

አሁን ወደ መኪናው። ወፍ ሰውን የምትፈራው በቅርጹ ነው፦ በሁለት እግር የቆመ፣ ትከሻው ላይ ጭንቅላት ያለበት፣ እጁን የሚያወናጭፍ ነገር ካየች ታውቀዋለች። ይህ ነገር ድንጋይ ይወረውራል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል። መኪና ግን ቀኑን ሙሉ ያልፋል፣ አንድም ቀን አልነካትም። በተደጋጋሚ አይታው ጉዳት ያላደረሰባትን ነገር ትለምዳለች፤ ላንድክሩዘርም ይሁን ሚኒባስ ለእርሷ የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ነው። በር ተከፍቶ እግር ብቅ ሲል ግን ድንጋዩ ሰው ወለደ፣ ነገሩም አበቃ።

ስለዚህ አቀራረብ ሁሉ ይህን ልማዷን ላለማፍረስ ነው። ቀጥታ ወደ ዛፉ አይንዱ፤ ሊያልፉ እንደሆነ ሆነው፣ ዛፉን በግራ በኩል አድርገው በዝግታ ይጠጉ። በኢትዮጵያም በጅቡቲም መሪው በግራ ስለሆነ ነጂው ራሱ ማንሳት ይችላል። መስኮቱን ገና ከሩቅ ዝቅ ያድርጉት፤ ከቆሙ በኋላ የሚወርድ መስታወት ያንቀጫቅጫል፣ ያብለጨልጫል። ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ናፍጣ መኪና ላይ። የሞተሩ ንዝረት በወንበር፣ በበር፣ በክርን አድርጎ ሌንሱ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። ከኋላ የተቀመጡትም ሥራ አለባቸው፤ ሥራቸው አለመንቀሳቀስ ነው። አንድ ሰው መቀመጫው ላይ በተገላበጠ ቁጥር መኪናው በስፕሪንጉ ላይ ይወዛወዛል። ጫት ይዞ፣ እያወራ፣ በየመሃሉ ውኃ እየተቀባበለ የሚሄድ መኪና ለጉጉት ፎቶ አይሆንም፤ ለጨዋታ ግን ይሆናል። ሽርጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከነጂው ማዶ ያለውን መስኮት ይሸፍኑበት። በዚያ በኩል የሚገባው ብርሃን ሲቀር የእርስዎ ጥላ ከጉጉቷ በኩል አይታይም፤ እጅዎ ሲንቀሳቀስ የሚያሳብቅ ነገር የለም።

ሩዙስ? የሱሪውን አንድ እግር ከጉልበት ላይ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ይሰፉታል፣ ሩዙን በፌስታል አድርገው ያስገባሉ፣ ሌላውን ጫፍም ይሰፋሉ። ጢም አድርገው አይሙሉት፤ ሲሦው ባዶ ይሁን። ቦርሳውን አስቀድመው ግማሽ ድረስ ዝቅ ባደረጉት መስታወት ጠርዝ ላይ እንደ ኮርቻ ያስቀምጡታል፣ ሌንሱን በላዩ ላይ ይጫኑታል። ፍሬዎቹ ሌንሱ በተጫናቸው ቁጥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሸሻሉ፣ ቅርጹን ይዘው ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ከዚያ ክብደቱ ሲያርፍባቸው እርስ በርስ ተቆላልፈው እንደ ደንጊያ ይጠነክራሉ። ለስላሳም ደረቅም የሆነ ነገር ነው። ስፖንጅ ለስላሳ ብቻ ነው፣ ይዘላል። የበሩ ብረት ደረቅ ብቻ ነው፣ ያንቀጠቅጣል። አሸዋም ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ክብደቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ስፌት ከተተረተረ ካሜራው ተበላሸ። ሩዝ ሲያፈስ ግን ይለቀማል፣ ጉዞው ሲያልቅም ይቀቀላል።

ይህ ቦርሳ በቁጥር ሲታይ ምን ያህል እንደሚጠቅም እነሆ። በእጅ ሲያነሱ ፎቶው እንዳይደበዝዝ የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ የሌንሱ ርዝመት ያህል መሆን አለበት የሚል የቆየ ደንብ አለ፤ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ የሰከንድ 1/400። በሩዙ ላይ አርፎ፣ ወፏም ቀዳዳዋ ውስጥ ሳትንቀሳቀስ ከተቀመጠች፣ 1/100 ይበቃል። ፍጥነቱ በአራት ሲቀንስ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ገባ ማለት ነው። ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ አይኤስኦ የሚባለው፣ 1600 የነበረው ወደ 400 ይወርዳል፣ ምስሉ ላይ የሚታየው እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ ይጠፋል። ሁለት ኪሎ ሩዝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌንስ የሚያመጣውን ለውጥ ያመጣል ብል አላጋነንኩም።

በስልክ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ 15 ሜትር ርቃ ስትቀመጥ፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ የምታርፈው 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ሆና ነው። ሰሌዳው ላይ በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ይደርሳታል፤ ላባዋ ይቆጠራል። የስልክ ዋና ሌንስ እውነተኛ ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያቺው ወፍ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ መቶ ነጥብ የማይሞላ ቡናማ እንጥፍጣፊ ትሆናለች። በጣት ቢያሰፏት ያቺው እንጥፍጣፊ ነች የምትሰፋው። መላ ግን አለ፦ ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር ሩዙ ላይ አስቀምጠው የስልኩን ሌንስ መነጽሩ ዓይን ላይ ገጥመው ይያዙት። ወፏ በስምንት እጥፍ ታድጋለች። የዙሪያው ጠርዝ ይጠቁራል፣ ለመግጠም ትዕግሥት ይፈጃል፣ ግን ጉጉት መሆኗ ይታወቃል።

ጠጋ ብንልስ? አያዋጣም፤ ወፏን ከማስደንገጡ ሌላ ምስሉንም ይጎዳል። የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብርሃን መግቢያ ኤፍ 5.6 ሲሆን በ15 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። የቀዳዳው ከንፈርም፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ፊቷም አብረው ይጠራሉ። ርቀቱን ወደ 7 ሜትር ሲያወርዱት ግን ጥልቀቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀጥናል፤ ቅርፊቱ ሲጠራ ዓይኗ ይደበዝዛል። ካሜራው በራሱ ሲያነጣጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቀድሞ ያገኘውን ቅርፊት ነው። ማነጣጠሪያውን አንድ ነጥብ ብቻ አድርገው ዓይኗ ላይ ያሳርፉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በጅቡቲና በአዋሽ ምድር ፎቶ የሚያበላሸው ሙቀት ነው። ሰው ሌንሱን ይረግማል፣ ካሜራውን ይቀይራል፣ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። የሞቀ አየር ቀለል ያለ፣ የቀዘቀዘው ጠንከር ያለ ስለሆነ ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ትንሽ ይታጠፋል። ሁለቱ ሲደባለቁ ብርሃኑ ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ ይመጣል፤ በተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ አናት ላይ አሻግረው ግድግዳ ሲያዩ እንደሚወዛወዘው ማለት ነው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ይህን መወዛወዝ አጉልቶ ያመጣዋል። እኩለ ቀን ላይ፣ አስፋልቱ እሳት ሆኖ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ከሩቅ የተነሳ ፎቶ በምንም ዓይነት ሌንስ አይጠራም። ከዚህም የሚብሰው መኪናው ራሱ የሚፈጥረው ነው። ኤሲ ሲሠራበት የቆየ መኪና መስኮቱ ሲከፈት ቀዝቃዛው አየር በመስኮቱ ይወጣል፣ ትኩሱ ይገባል፣ ሁለቱ የሚላተሙት ልክ ሌንሱ ፊት ላይ ነው። የሞተሩ ክዳን ላይ አሻግሮ ማንሳትም እንዲሁ። መላው ኤሲውን ዛፉ ጋ ከመድረስ በፊት ማጥፋት፣ ሁሉንም መስኮት ከፍቶ የውስጡና የውጪው አየር እስኪመሳሰል መታገስ ነው። ላብ ይኖራል። በተዘጋ መስታወት አሻግሬ ላንሳ የሚል ደግሞ አይድከም፤ የጎን መስታወት ለዕይታ ተሠራ እንጂ ለሌንስ አይደለም፣ በሰያፍ ሲያዩበት ምስሉን ያጣምመዋል።

ፌስታሉ የሚያስፈልገው ባሕሩ ዳር ላይ ነው። የጅቡቲ አየር እርጥብ ነው። በኤሲ የቀዘቀዘ ካሜራ በድንገት ወደ ውጪ ሲወጣ በአየሩ ያለው እንፋሎት መስታወቱ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ይጠረጋል፣ ሌንሱ ውስጥ የገባው ግን ሻጋታ ያበቅላል። ካሜራውን ሳይወጣ ፌስታል ውስጥ አድርገው ማሰር ነው። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይሞቃል። በዚህ ምድር ፎቶና የአየሩ ጠባይ ሲጣሉ የኖሩት ዛሬ አይደለም። የማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ቀድሞ የሚጠራው በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ነበር። ራምቦ ሐረር ሳለ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን ፎቶ አንስቷል። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ምስሎቹ የነጡት ባጠበበት ውኃ መጥፎነት መሆኑን ገልጿል። እርሱ ውኃውን ከሰሰ፣ እኛ አየሩን እንከሳለን።

ብርሃኑን ለመለማመድ አዋሽ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ገበያው ዳር የቆመ መኪናና አንድ ቁራ ይበቃል። ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ጥቁር ነገር ፊቱን ሲሞላው ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ቁራውም አመድ ይመስላል። ስለዚህ የብርሃን ማስተካከያውን ከአንድ እስከ ሁለት እርከን ወደ ታች ማውረድ ነው። ጥቁር ቀዳዳ ውስጥ ያለች ጉጉትም ያው ናት፦ ጨለማው ምስሉን ከሞላው ፊቷ ይነጣል፣ ይቀንሱ። በተቃራኒው ፀሐይ ያረፈበት ቅርፊት ምስሉን ከሞላው ካሜራው ለቅርፊቱ ብሎ ይቀንሳል፣ እርሷ ትጠቁራለች፤ ይጨምሩ። ቁራው ይህን በአንድ ከሰዓት ያስተምራል። ታዲያ ረጅም ሌንስ ገበያ ውስጥ ሲያወጡ ሰው ላይ አያነጣጥሩ። አትክልት የምትሸጠውም፣ ጫት ጠረጴዛዋ ላይ የደረደረችውም ሳትጠየቅ መነሳትን አትወድም፤ ልክ ናት። ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮችን ጨርሶ ይርሷቸው። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ያለበት ከተማ ነው፤ «ቁራ ነበር የማነሳው» የሚለውን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይሄዳል። በኢትዮጵያ በኩልም ድልድይና ኬላ ላይ ሌንሱ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ሰዓቱ ጠዋት ነው። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ትገሰግሳለች። ጎን ለጎን የሚመጣው፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፣ የቀዳዳው ከንፈር ፊቷ ላይ ጥላ ይጥላል፣ አየሩም መወዛወዝ ይጀምራል። አፉ ወደ ምሥራቅ የዞረ ቀዳዳ ካገኙ ጠዋት ይምጡ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከጅቡቲ ሹፌር ጋር ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይነጋገሩ። የእኛ 12 ሰዓት የእነርሱ 6 ነው፤ «በ11 እንነሳ» ተባብለው አንዱ ከንጋቱ በፊት ሲነሳ ሌላው ለረፋዱ የሚዘጋጅበት ነገር አለ።

ከቆሙ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። ጀርባዋን ከሰጠችዎ መኪናውን ለማዞር አይነሱ፤ አንገቷ ያዞርልዎታል። የጉጉት ዓይን እንደ ሰው በጉድጓዱ ውስጥ አይንከባለልም፤ ረዝሞ እንደ ቱቦ የተሠራና የተተከለ ስለሆነ ወደ ጎን ለማየት ጭንቅላቷን ማዞር ግድ ነው። እኛ አንገታችን ላይ 7 አጥንት ሲኖረን እርሷ 14 አላት፣ እስከ 270 ዲግሪም ትዞራለች። ያን ያህል ሲጠመዘዝ ደም ሥሩ ለምን አይቆረጥም የሚለውን በ2013 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መልሰውታል፦ ደም ሥሩ የሚያልፍበት የአጥንት ቀዳዳ ከደም ሥሩ እጅግ የሰፋ ነው፣ ወደ አንጎል ከመግባቱ በፊትም ደም የሚጠራቀምበት ሰፋ ያለ ቦታ አለው። ስለዚህ ትንሽ ድምፅ፣ አንድ የሣር ኮሽታ፣ ፊቷን ያመጣዋል። እርስዎ ግን ኮሽታውን አይፍጠሩ። የእርሷን ፉጨት በስልክ አጫውቶ የሚጠራትም አለ። ትመጣለች፤ የምትመጣው ግን ሌላ ጉጉት ግዛቷን ሊቀማት እንደመጣ መስሏት ለጠብ ነው፣ ቀዳዳዋንም ባዶ ትታ። ፍላሽም አያስፈልግም፤ ለጨለማ የተሠራውን ዓይን ያንጸባርቅበታል፣ ፎቶውም ቀይ ዓይን ያላት ወፍ ይሰጥዎታል።

ዓይኗን ጨፍና ወይም ገርበብ አድርጋ ከቆየች ረስታዎታለች። ጅራቷን ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ፣ ሰውነቷን ማቅጠንና ቀጥ ማለት ከጀመረች ግን ተቆጥታለች ወይም ፈርታለች፤ በዝግታ አስነስተው መሄድ ነው። ለዚህች ወፍ ደንግጣ ከቀዳዳዋ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ይሞቃል፣ ትንንሾቹ ወፎችም ይከቧታል። መንገዱን በተመለከተ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ጨርሶ አይቁሙ። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ለጉጉት ብሎ ፍሬን አይዝም። በፓርኩ በር ገብተው ከፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውት ጋር፣ በጠጠሩ መንገድ ይሂዱ፤ ስካውቱ ደግሞ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ የትኛው ግራር ቤት እንዳለው ያውቃል። በነገራችን ላይ ትልቁን ጆሮ ያላትን የደጋ ጉጉት የፈለገ ባሌ፣ ዲንሾ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ግን ኮሶና ጥዱ ሥር በእግር ነው፣ ከአስጎብኚ ጋር፤ የመኪናው ጥበብ አይሠራም።

አብሮዎት የሚሄድ ሰው «ምን ሟርት ነው የምታሳድደው?» ቢልዎት አይገረሙ። ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሞት ትጠራለች የሚለውን ያልሰማ አበሻ የለም፤ በድንጋይ ማባረርም እንደ ጽድቅ የሚቆጠርበት ቤት አለ። ስለዚህ የካሜራዎን ስክሪን ሲያሳዩት ፊቷን ብቻ ያሳዩት፣ አይጥና አንበጣ እንደምትበላም ይንገሩት። ቀዳዳዋን ግን ለማንም አይጠቁሙ። ስልክዎ ፎቶ ውስጥ የቦታውን አድራሻ ሳይነግርዎ ይጽፋል፤ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ ከማውጣትዎ በፊት ያንን ማጥፊያ ፈልገው ይዝጉት። የት አገኘሃት ብለው ሲጠይቁዎ «አዋሽ» ይበሉ፤ ግራሩን አይናገሩ።